ሳይበላሽ የተቆረጠው ብረት

ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስድብ ብርቁ አይደለም። ቡሎን አልፈታ ሲለው ይሰደባል፤ ሲፈታለትም ዘገየህ ተብሎ ይሰደባል። ምስማር ግን እንደዚያን ዕለት ተሰድባ አታውቅም።

«ስምሽ ምስማር ነው አሉኝ» አሉ ሴትዮዋ ከግቢው መሃል ቆመው፣ ድምፃቸውን ለማንም ሳይሰስቱ። «ስሙን ያወጣልሽ ሰው አውቆብሻል። የተመታሽው ግን ብረት ላይ አይደለም፤ ልጄ ላይ ነው!»

ግራይንደሩ ጸጥ አለ፣ መዶሻውም ጸጥ አለ። አጥር ተጋርቶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ወሬው እንዳያመልጠው እጁ ላይ ያለውን ጎማ ጥሎ በቆርቆሮው ክፍተት ብቅ አለ።

ምስማር የብየዳ ማስኳን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችው። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ ቀጭን ናት ግን አትታጠፍም ብሎ። የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ እሱ ጋራዥ ከገባች ጀምሮ ዋናዋ በያጅ እሷ ናት፤ ሰውም በር ይሁን የጭነት መኪና ሻንሲ ይዞ ሲመጣ «ምስማር ትሥራልኝ» ይላል። ሴትዮዋ ደግሞ የከተማው ትልቅ የብረታ ብረት መደብር ባለቤት ናቸው። ጋራዡ የሚቆርጠው ላሜራ በሙሉ የሚመጣው ከእሳቸው ነው። ስለዚህም አጎቷ፣ ማንንም የማይፈራው አጎቷ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነበር የሚያዳምጣቸው።

«ዊንች የሚሸከም አንድ ፓራውልት፣ አንድ የመኪና መከላከያ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚሠራው?» ቀጠሉ ሴትዮዋ። «ይሠራል ይፈርሳል፣ ይሠራል ይፈርሳል! ለምን እንደምታጓትቺው የማይገባኝ መሰለሽ? ልጄ እግሩ ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ ነው። እንዲህ ያለ ብልጠት ታውቂያለሽ አንቺ?»

«እትዬ፣ ኧረ ረጋ ይበሉ» አለ አጎቷ።

የምስማር ደም ፈላ። ግን አልደነገጠችም፤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው እዚያው ቆሟላ! ከእናቱ ጀርባ፣ ግንባሩ ከተፈታው ፒካፕ አጠገብ፣ ዶክተሩ ቆሟል። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የመደብሩን ወንበር ትቶ ገጠር ለገጠር ላምና በሬ ሲያክም የሚውል፣ እናቱ በዚህ ምክንያት ሁሌ የሚብሰለሰሉበት አንድ ልጃቸው።

«ሥራውን ያጓተትኩት እኔ አይደለሁም» አለች ምስማር። «ሦስት ጊዜ ያስቀየረኝ ልጅዎ ነው። ይኸው ቆሟል፣ ይጠይቁት።»

እናቱ ዞር አሉ። «እውነት ነው?»

ዶክተሩ ምስማርን አያት። እሷም ዓይን ዓይኑን አየችው። አንድ ቃል ነበር የቀረው፤ «አዎ» ብሎ መገላገል። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ጫማው ሰደደ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያው… የተወሰነ ማስተካከያ ነበረ» አለ።

የተወሰነ ማስተካከያ! ዝም ቢል እንኳ ይሻል ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ደነገጠ ይባልለታል። ይሄ ግን ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ዓይነት ነገር ነው፤ አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። እናቱ የሚፈልጉትን ሰሙና ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አስተካክለው ወጡ። እሱም ተከተላቸው። ምስማር ጓንቷን አውልቃ መሬት ላይ ወረወረችው፤ እንባዋ እንዳይቀድማት ብላም መልሳ አነሳችውና አራገፈችው።

*

ዶክተሩ መጀመሪያ የመጣ ቀን ፒካፑ ከጎማው እስከ ጣሪያው ጭቃ ለብሶ፣ የፊት ፓራውልቱ ተሰንጥቆ በገመድ ታስሮ ነበር።

«ምጥ የያዛት ላም ጋ ስሄድ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሬ ቀረሁ» አለ። «በብረት ገመድ ከጭቃ የሚጎትተኝን ዊንች የሚይዝ ጠንካራ ፓራውልት ሥሩልኝ።»

«ላሟስ?» አለች ምስማር።

ሁሉም ሰው ስለ መኪናው ነበር የጠየቀው። ቀና ብሎ አያት። «ሞተች» አለ። «ጥጃዋን ግን አተረፍናት።» ያን ጊዜ እሷን ያየበት አስተያየት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ጣጣ የጎተተባት።

ሥራውን ለማንም አልሰጠችም። የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ ፈታ ጣለች። የሻንሲውን ሁለት ጫፎች አጽድታ ለካች፤ ዊንች ጉልበቱን ከሻንሲው ካላገኘ መኪናውን አያወጣም፣ ፓራውልቱን ገንጥሎ ብቻውን ይወጣል። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጣ መኪናው ላይ ሞከረች፤ ከዚያ ወፍራሙን ላሜራ አስምራ ቆረጠች። ዊንቹ የሚቀመጥበትን ወለል፣ ሻንሲው ላይ በቡሎን የሚታሰሩትን ሁለቱን ጎኖች፣ የብረት ገመዱ የሚወጣበትን አፍ፣ ራዲያተሩ አየር የሚስብበትን ክፍተት፣ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ በይዳ አቆመችው። ልክክ አለ። አጎቷ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰውና «ጨርሺው» አለ። እሱ «ጨርሺው» ካለ አመሰገነ ማለት ነው።

ስትጨርሰው ዶክተሩ መጣና ዞር ዞር ብሎ አየው። «ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል?» አለ።

ጎኖቹን ቆርጣ አዲስ ሠራች። በይዳ የቆረጠችው ብረት ላይ ደግማ መበየድ አትወድም፤ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ልጥፍ አታስገባም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የመብራቶቹ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይግባልኝ አለ። ፊት ለፊቱን እንዳለ ጥላ እንደገና ቆረጠች። እሱ አሮጌ ወንበር ስቦ፣ ብልጭታው የማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ፣ ስለሚያክማቸው እንስሳት ያወራላታል። አንድ አህያ መርፌ ባየ ቁጥር እንደሚተኛበትና የሞተ እንደሚመስል ሲነግራት የብየዳ ኤሌክትሮዷ ከእጇ እስኪወድቅ ስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ይጠፋና ሐሳብ ይይዛታል። ለምን ያስቀይረኛል? ሴት የበየደችው አይጸናም ብሎ ነው? ሌላ በያጅ ጠይቆ ነው? ወደደችው፤ ስለዚህም ጥርጣሬው ይበልጥ አንገበገባት።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነበር። «ጥጎቹን ክብ ልታደርጊያቸው ትችያለሽ?» አላት። «የምሄድበት መንገድ ከብት ይበዛዋል። ስለት ያለው ብረት አንዲት ጊደር ጎኗን ቢነካት አዝናለሁ።» ያኔ ምስማር ጥርጣሬዋን ሁሉ ይቅር አለችው። ላሜራውን አግላ፣ ቀስ እያለች ጠቅልላ፣ ጥጎቹን እንደ ድስት ሆድ ለስላሳ አድርጋ ሠራቻቸው። ለጊደር የሚያዝን ሰው ለሰው አያዝንም ብላ እንዴት ትጠርጥር?

*

ከስድቡ በኋላ ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የግቢ በር ሊያሠራ የመጣ አንድ ደንበኛ ጥርሱን እየፋቀ «የእኔን በር ቶሎ ትጨርሺልኛለሽ ወይስ እኔንም ወደሽኛል?» አላት። ከኋላው ያሉት ሳቁ። ሌላው ደግሞ ሥራውን ሳያወርድ ይዞት ተመለሰ። እነሆ፣ ስሟን ያስጠራ ብየዳዋ ሁሉ በአንድ ሴትዮ አፍ የወንድ ማጥመጃ ሆነ!

አጎቷ ጠጋ አላት። «የዶክተሩን ቀሪ ሥራ እኔ ልጨርሰው። አንቺ በሩን ያዢ።»

«ጋሼ፣ አንተም አመንካቸው?»

«ኧረ እኔ! ግን ላሜራው ከእሳቸው ነው የሚመጣው። ነገሩ ይብረድ ብዬ ነው።»

«እኔ ከሥራው ከወጣሁ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር ማለት ነው። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የምጨርሰውም እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ልብስ ስፌት እማራለሁ!»

አጎቷ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ። እሷ መርፌ ስትይዝ አይቷል፤ ጣቷን ነው የምትሰፋው።

ዶክተሩ መጣ። እንደ ወትሮው ወንበሩን አልሳበም፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ በሩ ሥር ቆመ።

«ምስማር፣ ትንሽ ላናግርሽ።»

ማስኳን አላነሳችም። «ስለ ሥራው ከሆነ ለአጎቴ ይንገሩት።»

«ይንገሩት?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ። «እርስዎ ሆንኩ?»

«ትልቅ ሰው ነዎት። ማስተካከያ የሚያውቁ ሰው ነዎት።»

ከዚያ በላይ አልቆመም። በማግስቱ በጎሚስታው እጅ የታሸገ ደብዳቤ ላከ። ጎሚስታው ለመስማት አሰፍስፎ አጠገቧ ቆመ። ምስማር ፖስታውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ሳትከፍተው የእጇን ግሪስ ከፊትም ከኋላም ጠረገችበትና መለሰችለት።

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«በሰው ፊት አሰድቦኛል፤ በፖስታ ውስጥ ይቅርታ አያስፈልገኝም በለው።»

ጎሚስታው ቃሉን ሳያዛባ አደረሰ። ለነገሩ ከራሱም ጨማምሮበታል፤ «ብትሄድ በመዶሻ ትልሃለች» ማለቱን በኋላ ሰምተናል።

ምስማር ቀሪውን ብየዳ ጨረሰች። በንዴት የሚበየድ ብረት ይንሻፈፋል ይላል አጎቷ፤ እሷ ግን ንዴቷን እጇ ላይ እንዳይወርድ ጥርሷ ላይ ነክሳ ያዘችው። ብየዳውን ሞረደች፣ ጥቁር ቀለም ቀባች፣ ሲደርቅ አንስተው ከሻንሲው ጋር አሰሩት። አንዱም ቀዳዳ ሳይሰፋ፣ አንዱም ቡሎን ሳይገፋ ገባ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ እንደዚያ ደስ ሳይላት ቀርቶ አያውቅም።

*

የአጎቷ ግቢ አንድ ሥርዓት አለው። ዊንች ያለው መኪና ተፈትኖ እንጂ እንዲያው ከግቢው አይወጣም። ከግቢው ጀርባ ግማሹ አፈር ውስጥ የተቀበረ የአሮጌ ጭነት መኪና አጽም አለ፤ የዊንቹ መንጠቆ እሱ ላይ ይታሰርና ይጎተታል። አጽሙ እንዲወጣ አይደለም፣ አይወጣምም፤ ብየዳው እንዲታይ ነው። ከመጎተቱ በፊት ግን ባለመኪናው በጎረቤት ፊት ቆሞ ያዘዘው ምን እንደሆነና የተሠራለት ምን እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። አጎቷ ይህን ያመጣው አንድ ደንበኛ የሠራለትን ወስዶ ሲያበቃ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ከተጣላው ወዲህ ነው።

የዚያን ዕለት ጎረቤቱ ከወትሮው በዝቶ ወጣ። ባለ ሻይ ቤቷ ደንበኞቿን ትታ መጣች፤ ደንበኞቿም ብርጭቆአቸውን ይዘው ተከተሏት። የዶክተሩ እናትም መጡ። ከመኪናቸው አልወረዱም፤ መስኮቱን ግማሽ አውርደው «ቶሎ በሉ፣ እንሂድ» አሉ።

«ያዘዝከውን ተናገር» አለ አጎቷ።

ዶክተሩ ፓራውልቱ ፊት ቆመ። «ዊንች የሚይዝ ፓራውልት አዘዝኩ። ከሻንሲው ጋር የሚታሰር፣ ራዲያተሩን የማይሸፍን» አለ። ምስማር ክንዷን አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። እሱ ወደ እሷ ዞረ። «የተሠራልኝም ይኸው ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ልክ ሆኖ ተሠርቶልኝ ነበር።»

ምስማር ቀና አለች።

«ከፍ ይበል ያልኩት ዝቅ ብሎ አልነበረም» አለ። «መብራቱ ወደ ውስጥ ይግባ ያልኩትም ጎድሎት አልነበረም። ምንም አልጎደለውም። ሥራው ካለቀ ወደዚህ ግቢ የምመጣበት ምክንያት ስለሌለኝ ነው። እሷን ለማየት ነው ያስፈረስኩት።»

ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ባለ ሻይ ቤቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጎሚስታው አጨበጨበ። ሁሉም እየሳቁ ወደ ምስማር ዞሩ፤ አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ትስቃለች፣ አሁን አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች ብለው።

«ሳይበላሽ?» አለች ምስማር።

«ምስማር…»

«ደህናውን ብረቴን፣ ሳይበላሽ አስቆረጥከኝ?» እርስዎታው ከነአካቴው ጠፋ። «እኔ ቤቴ ገብቼ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ እያልኩ ስብሰለሰል፣ አንተ ወንበር ስበህ ስለ አህያ ታወራልኛለህ? ‹ላይሽ መጣሁ› ማለት ከብዶህ ነው ላሜራ ያስፈጀኸኝ?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ሂድ እንዳትዪኝ።»

«እናትህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲያዋርዱኝ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል አጥተህ ‹የተወሰነ ማስተካከያ› አልክ! አሁን ሰው ሲያጨበጭብልህ ጊዜ አፍህ ተፈታ? ለጎሚስታው ምን ያደርግለታል? የሰደበኝ እሱ አይደለም!»

ጎሚስታው ማጨብጨቡን ተወ።

ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እናቱ መኪና ሄዶ በሩን ከፈተ። «እማዬ፣ ውረጂ።»

«ምን አባክ ሆነሃል? እኔን በሰው ፊት…»

«አንቺም እሷን በሰው ፊት ነው። እማዬ፣ እሷ እኔን አልያዘችኝም። የሙጥኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አንቺን ፈርቼ ዋሸሁ። እሷን ያሰደብኳት እኔ ነኝ፣ አንቺንም ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ወረዱ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እንዲህ ሲናገራቸው የመጀመሪያው መሆኑ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ወደ ፓራውልቱ ጠጋ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ቀለበት ያለበት ጣታቸውን ከጥግ እስከ ጥግ ብየዳው ላይ አሳለፉት። የተጠቀለለው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ብየዳው ጥሩ ነው» አሉ።

ይህም ይቅርታ መሆኑ ነው! ሰው በአደባባይ አዋርደው በብየዳ ይመለሳሉ! ምስማር አፏን ከፈተች፤ ሴትዮዋ ቀና ብለው ሰዉን ማየት እንዳቃታቸው አየችና መልሳ ዘጋችው። ለአንድ ቀን እሳቸውም ይበቃቸዋል አለች በልቧ።

«ይጎተት!» አለ አጎቷ።

መንጠቆው አጽሙ ላይ ታሰረ። ሰው ከገመዱ እንዲርቅ ተደረገ፤ ዶክተሩ መሪው ላይ ሆኖ ፍሬኑን ረገጠ፤ ምስማር ከጎን ፈንጠር ብላ ብየዳውን የምታይበት ቦታ ያዘች። ዊንቹ አቃሰተ። ገመዱ ተወጠረ፣ የፒካፑ አፍንጫ ወደ መሬት ጎንበስ አለ፣ አጽሙ ዝገቱን አራገፈ። ዶክተሩ ብየዳውን አይደለም የሚያየው፣ በመስታወቱ በኩል እሷን ነው። እሷ ግን ከብየዳው ዓይኗን አላነሳችም። ምንም አልተነቃነቀም።

«ጸንቷል!» አለች። ሰው ሁሉ ጮኸ።

ዶክተሩ ሲወርድ አጎቷ ቁልፉን ከመኪናው ነቀለ፤ እሷም ተቀብላው መዳፉ ላይ አኖረችው። «ሥራህ አልቋል» አለችው። «ከእንግዲህ እዚህ ግቢ የሚያመጣህ ነገር የለም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ስሜን መልሰህልኛል። ንዴቴ ግን የራሴ ነው፤ በቃኝ ስል ነው የምተወው።»

ዳግመኛ ዞር ብላ ሳታየው ወደ ውስጥ ገባች። ፒካፑ ተነስቶ ሲሄድ ድምፁ መንገዱ መጨረሻ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው። ከዚያ አለቀሰች። ማንም አላያትም፤ ማስኩ ለዚህም ያገለግላል።

*

በማግስቱ ግቢው ሥራ በዝቶበት ነበር። ያኔ ሥራውን ይዞ የተመለሰው ደንበኛ መልሶ አመጣው። የበሩ ሰውዬ ደግሞ ጥርሱን ከድኖ፣ «እህቴ፣ ሲመችሽ» ማለት ጀምሯል። ምስማር ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ባዶ ወንበሩን ባየች ቁጥር ትናደዳለች፤ መጀመሪያ በእሱ፣ ከዚያ በራሷ። እንዲህ ዓይነቱን ፈሪ መናፈቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

በሩ ተንኳኳ። ክፍት በር ነው የተንኳኳው።

ዶክተሩ ቆሟል። ፒካፑ የለም። በእግሩ ነው የመጣው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። እጁ ላይ ብረት የለም፣ ወረቀት የለም፣ ምንም የለም።

«መኪናው ምን ሆነ?» አለች ኮስተር ብላ።

«ምንም አልሆነ። ቤት ነው ያለው።»

«ፓራውልቱስ?»

«ደህና ነው።»

«የጥጎቹ ነገርም ውሸት ነበር? ጊደሯ?»

«እሱ እውነት ነው» አለ ደንግጦ። «ጊደሯ እውነት ናት።»

ይህን ስትሰማ ውስጧ የሆነ ነገር ፈታ አለ፤ ፊቷን ግን አልፈታችም። «ታዲያ ምን ተበላሽቶ መጣህ?»

«ምንም። የሚሠራ የለኝም፣ የሚቀየር የለኝም። አንቺን ላይ መጣሁ። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ፤ ነገም መጥቼ ይህንኑ እልሻለሁ።»

አጎቷ ከሞተር ሥር ተኝቶ መፍቻ እየፈለገ ነው፤ መፍቻው እጁ ላይ ነው ያለው። ጎሚስታው በክፍተቱ ብቅ ብሎ ትንፋሹን ይዟል። ምስማር የሰውየውን አቧራ፣ ላብ፣ ባዶ እጅ አየች። ያ ሁሉ ላሜራ ሲቆረጥ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር የሚፈለገው። እንዴት አያናድድ!

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች። «እጄ ቶሎ አይለቅም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ፀሐይ ላይ አትቁም እንግዲህ። ግባ።»

ይህን ብላ ማስኳን በፍጥነት ወደ ፊቷ አወረደች። ኤሌክትሮዱን ገና አላስነካችም፣ ብልጭታም የለም። ከማስኩ ሥር ፈገግ ብላለች፤ ገና ሳይበርድላት ፈገግ ማለቷም አናደዳት።